ከመርዶው የቀደመው አውራ ጣት

ያኔ ከሚሴ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሰይድ ከመናኸሪያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ጠዋት አብረን ወጥተን መንገድ ላይ እንለያያለን፤ ማታ ቀድሞ የገባው ሻይ ያፈላል። አንድ ልጅ አለችን፣ ዘሐራ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ ጂዳ ሄዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ብዙ የከሚሴ እናት የምታውቀው ነገር ስለሆነ አላረዝመውም።

ዘሐራ ለእኔም ለአባቷም ስልክ ላከችልን። እሷ ግን ጊዜ የላትም። አሠሪዋ ስልክ ይዛ ስታያት ትቆጣለች። ሰይድ ለዚህ መላ ፈጠረ። ፎቶ ይነሳና ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ እሷ ሥራ መሐል ሰረቅ አድርጋ ስታየው አውራ ጣቷን ትጫናለች። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ሰይድ ራቱን እየበላ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ይጠብቃል።

“ልጅሽ ጣቷን ላከች” ይለኛል። “ደህና ናት ማለት ነው፤ አሁን እንጀራው ይወርድልኛል።”

በዚያው ዓመት ከአውራ ጣቱ ጎን ልብ፣ የሚስቅ ፊት፣ የሚያለቅስ ፊት ተጨምሮ ነበር። ግን እነሱን ለማውጣት ጣትን ሳያነሱ ረዘም አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቁት ወጣቶቹ ናቸው። የእኛ እኩያ ለሠርግም፣ ለልደትም፣ ለሞትም የሚያውቀው አውራ ጣቱን ነው።

ሰይድ ሰኞ ለባቲ ገበያ ሄደ። ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ደረቱን ያዘው። ሾፌሩ የትም ሳይቆም ወደ ሆስፒታል አመጣው። ከክፍል ጠርተውኝ ስደርስ ፊቱን ሸፍነውታል። ማክሰኞ ቀበርነው። እዚህ ላይ ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ልለፈው።

ከቀብር መልስ የሰይድ ታናሽ ወንድም ኢብራሂምና የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ አሊ እኔ ወዳለሁበት ጓዳ ገቡ። ጉዳዩ ዘሐራ ናት። መርዶ በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰው ግራና ቀኝ ከቦ፣ ከወደቀም እንዲይዘው ተዘጋጅቶ። ሩቅ አገር ላለ ሰውም እንደዚያው ነው። የአገሩ ልጆች ተሰብስበው ይነግሩታል። ጂዳ ውስጥ ፋጡማ የምትባል የባቲ ሴት አለች፤ ከባሏ ጋር የምትኖር፣ የእኛ ልጆች ዓርብ ዓርብ ሲፈቀድላቸው ቤቷ የሚሰበሰቡ። ኢብራሂም ደወለላት።

“ዓርብ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቤቴ እናረዳታለን” አለች ፋጡማ። “የከሚሴ ሴቶችን እጠራለሁ። እስከዚያ አደራ፣ አንድ ሰው እንዳይተነፍስ።”

“እስከ ዓርብ ይቻላል?” አልኩ።

ሼህ አሊ መሬት መሬቱን እያዩ፣ “ልጄ፣ የሰንበቴዋን ልጅ አስቢ” አሉኝ።

የምን ልጅ ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰንበቴ ወዲህ ካለ ቀበሌ የሄደች ልጅ ነበረች። የእናቷን ሞት ብቻዋን በስልክ ሰማች። ከአሠሪዎቿ ሰገነት ወደቀች ተባለ። ወድቃ ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም፤ በሣጥን መጣች። ዘሐራ የምትሠራበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፎቁን ቆጥራ የነገረችን ራሷ ናት፣ ነፋሱ ጥሩ ነው ብላ።

ስለዚህ ተስማማሁ። ለዘመድ ሁሉ ተነገረ፦ ወደ ጂዳ የሚደውል እንዳይኖር።

ረቡዕ ከሰዓት ነው ነገሩ የመጣው። ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ገብቻለሁ፤ ከቤት አልወጣም። ወንዶቹ ደጅ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ከእኔ ጋር ጓዳ ናቸው። ዱዓ ሲደረግ ድምፁ በግድግዳው ያልፋል። ስልኬን ለመዝጋት ሳነሳው የሰይድን ፊት አየሁ።

ሰንበቴ ገበያ ላይ የተነሳው ፎቶ ነበር። ከአንድ አፋር ግመል አጠገብ ቆሞ ግመሉ ጆሮው ላይ ሲተነፍስበት ይስቃል። የለበሰው ጃኬት ዘሐራ የላከችለት ነው። የለጠፈው ኑሩ የሚባል ልጅ ነው። ሰይድ ሱቅ ውስጥ ሙያ ተምሮ ያደገ፣ በኋላም ኮሌጅ የገባ፣ የከተማችን ሰዎች በአገር ውስጥም በአረብ አገርም ያሉት የሚገናኙበትን የፌስቡክ ግሩፕ የሚመራ። ባለውለታውን ሊዘክር ብሎ ነው። ጽሑፉ፣ “ደግ ሰው ብርቅ ነው። ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ የነዳ ሁሉ ጋሽ ሰይድን ያውቃል፤ ስንቱን ሙያ አስተምሮ ሰው አድርጓል” ብሎ ይጀምርና ይቋረጣል። ከሥሩ ተጨማሪ ለማንበብ የሚጫኑት አለ። እሱን ሲጫኑ ነው “ኢና ሊላሂ” የሚለው የሞት ቃል የሚመጣው።

ኢብራሂምን አስጠራሁት። አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

“ኑሩ ዛሬ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። እነግረዋለሁ፣ ያጠፋዋል።”

ደወለ። ስልኩ አይሠራም። ደግሞ ደወለ። እስከዚያ በእጄ ያለው ስልክ የአውራ ጣቱን ቁጥር ይጨምራል። ስሞቹን ከፍቼ አየሁ። የዘሐራ የክፍል ጓደኞች፣ ጎረቤት፣ መምህራን። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። ከስሞቹ ብዙዎቹ አሁን ደጄ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው! ፋቲሃ አድርሰው፣ ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን አውጥተው እየተጫኑ ነው።

“ኢብራሂም፣ በአላህ አስቁማቸው” አልኩት። “በተጫኑ ቁጥር ለሌላ ሰው ይታያል። የእሷ ጓደኞች ናቸው እኮ!”

ወጣ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

“ወገኖቼ፣ አውፍ በሉኝ። ፌስቡክ ላይ ያለውን አትጫኑ። ልጅቷ አልሰማችም።”

የሼህ አሊ ድምፅ መጣ። ስልኩን የገዛላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ሌባ ጣታቸውን እንደ ችንካር አቁመው ነው የሚነኩት።

“እኔማ ተጭኛለሁ። ምን አጠፋሁ? ኢብራሂም፣ ለቅሶ አትድረሱ ይባላል?”

“አንቱ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ሼህ። ደርሰዋል።”

“እዚህ መድረሴን እዚህ ያለው አየ። እዚያ መድረሴን ማን ያያል? ነገ ሪያድ ያለው የእህቴ ልጅ ‘አሊ የሰይድን ሞት ሰምቶ ዝም አለ’ ይለኛል።”

አንዱ፣ “እውነታቸውን ነው፤ አሁን እኮ ማን እንደተጫነ፣ ማን እንዳልተጫነ ይቆጠራል” አለ። ሌላው፣ “እኔ ባለፈው ሳልጫን ቀርቼ የሚስቴ ዘመዶች ተቀይመውኛል” ሲል ጥቂት ሰዎች በለቅሶ ቤት ልክ ዝቅ አድርገው ሳቁ።

“ታዲያ የተጫንኩትን እንዴት ላንሳው?” አሉ ሼህ አሊ፣ ድምፃቸው አሁን ተለውጦ። “አንሱልኝ እስቲ፣ ልጆች። እኔ ልጅቷን አላሰብኳትም። አስተግፊሩላህ።”

ኢብራሂም ተመልሶ ገባ። በራሱ ስልክ ከፎቶው ሥር ጻፈ፦ “እባካችሁ መርዶ ያልተነገረው የቤተሰብ አባል አለ። አትጫኑ።” ወዲያው ያን ጽሑፉን ሰዎች በአውራ ጣት መጫን ጀመሩ። ሰምተናል ማለታቸው ነው። ኢብራሂም ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው።

አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ዱዓው ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ከስሞቹ ሁሉ በላይ አንድ ስም መጣ። ዘሐራ ሰይድ። አውራ ጣት።

አልጮህኩም። ከንፈሬን ነክሼ ለኢብራሂም አሳየሁት።

“አላነበበችም” አለኝ በፍጥነት፣ በኦሮምኛ የዘሐራ እናት ብሎ እየጠራኝ። “ሃዳ ዘሐራ፣ ስሚኝ፣ አላነበበችም። ፎቶውን አይታ ነው። ብታነብ አውራ ጣት ትጫናለች?”

እንደዚያ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። አባቷ ሲስቅ አየች፤ እንደ ልማዷ ጣቷን ላከች፤ ስልኳን ከትራስ ሥር ደብቃ ወደ ሥራዋ ሄደች። ራቱን እየበላ እንደሚጠብቃት አስባለች። ሰው ሁሉ ግን እንደኛ አያስብም። ብዙም ሳይቆይ፣ ፎቶው የሌለው፣ ስሙ የሰው ስም የማይመስል አንድ ሰው ከሥር ጻፈ፦ “የገዛ ልጁ ላይክ አደረገች! ሪያል እንዲህ ያደርጋል እንዴ?” ከዚያ ጽሑፍ ሥር የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። ጥቂት ናቸው። ከነሱ መሐል አንዱ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

“እኔ ልደውልላት ነው” አልኩ።

ኢብራሂም በሩ ላይ ቆመ። “አይሆንም። ብቻዋን ናት።”

“ይሄን ስታነብም ብቻዋን ናት።”

“ፋጡማ ትሂድላት። ደውዬላታለሁ፣ ባሏ ከሥራ ሲገባ በመኪና ያደርሳታል።”

“እስኪገባ? ኢብራሂም፣ ይህን ጽሑፍ አይተኸዋል። ከእኔ አፍ ትስማ። ድምፄን ይዛ ትስማ።”

ሼህ አሊ በሩ ላይ መጥተው ኖሯል። አልገቡም። “ተዋት፣ ኢብራሂም” አሉ። “እናቷ ናት።”

በኢሞ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ምስሉን አጥፍቼዋለሁ፤ ጥቁር ሻሼን እንዳታይ።

“እማ!” አለች። ሹክሹክታ ነው፤ ግን ደስታው ይሰማል። “መዳም ተኝታለች። የአባባን ፎቶ አየሁት! ጃኬቱ ልክ ሆኖታል አይደል? እጀታው ይረዝማል ብዬ ነበር።”

“ልክ ሆኖታል” አልኩ።

“ግመሉ ሊስመው ነው እኮ! ምን ብሎ አሳቀው? ስጪኝ እስቲ፣ ልጠይቀው።”

ለዚህ ነበር የደወልኩት። ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። ቁጭ በዪ ልላት፣ ከመስኮት ራቂ ልላት። አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ በኢብራሂም ስልክ ላይ ባለው ፎቶ፣ በግመሉና በሳቁ ላይ ነበር።

“ሰንበቴ ሄዷል” አልኩ።

“ሰንበቴ?” አለች ዘሐራ ቀስ ብላ። “ዛሬ? እማ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።”

የከሚሴ ልጅ ናት። ሰንበቴ እሁድ፣ ባቲ ሰኞ እንደሆነ ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባችው። በረቡዕ ሰንበቴ የሚሄድ ሰው ምን ሊገዛ ነው? ልመልስላት ሞከርኩ። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ዱዓው እንደገና ተጀመረ፤ ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ “አሚን” አሉ።

“ቤት ሰው አለ?” አለች።

“ዘሐራ፣ ስሚኝ ልጄ …”

ተዘጋ። እሷ ትዝጋው፣ ኔትወርኩ ይዝጋው አላወቅኩም። ስደውል አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ኢብራሂም ከዳር ሆኖ ለፋጡማ እየጮኸ ነው፦ “አሁን ሂጂ! በታክሲ ሂጂ! ባልሽን አትጠብቂ!”

እኔ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ፎቶውን ከፍቼ ስሟን አየሁ። አውራ ጣቷ እንዳለ ነው። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። እንዳለ ነው። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት።

ከስሟ አጠገብ የሚያለቅሰው ፊት ነበር።

አውራ ጣቱ ጠፍቷል። ትንሽ ቢጫ ፊት፣ አንድ ጠብታ እንባ ያላት። ልጄ መርዶዋን እንደሰማች ያወቅኩት በዚህ ነው። የሚደግፋት ሰው አልነበረም። እኔ ከባሕር ማዶ ሆኜ መስማቷን በዓይኔ አየሁ፤ እጄ ግን አይደርስባትም። ጮኼ አለቀስኩ፤ ሴቶቹ የሰይድን ለቅሶ የምደግም መሰላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ከሰይድ ሞት ይልቅ ከበደኝ፤ ይህን ማለት ነውር ቢሆንም። ሙት አንዴ ሞቷል። እኔ ያን ጊዜ የማስበው አራተኛ ፎቅ፣ ጥሩ ነፋስ ነው። ፋጡማ ከታክሲ ሆና ደወለች፦ መንገዱ ተጨናንቋል። እንደገና ደወለች፦ ደርሳለች፣ የሕንጻው ዘበኛ አላስገባም ብሏል። “ምን ልበለው? ዘመዷ ነኝ አልኩት፣ ‘ሠራተኛ ዘመድ የላትም’ አለኝ።” ስልኩ ሳይዘጋ ፋጡማ በዓረብኛ ስትለምን፣ ከዚያ ስትቆጣ፣ ከዚያ ስታለቅስ ሰማን። ሼህ አሊ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ዶቃው ግን አይንቀሳቀስም። መጨረሻ ላይ የሌላ ሴት ድምፅ መጣ፤ አሠሪዋ ከላይ ሆና “አስገባት” አለች መሰለኝ። ከዚያ የደረጃ ድምፅ፣ የፋጡማ ትንፋሽ።

“አለች” አለች ፋጡማ። “አልሐምዱሊላህ። አለች።”

ኢብራሂም ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

ፋጡማ ዘሐራን ያገኘቻት የአሠሪዋን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ስትተኩስ ነው። ፋጡማ ስትገባ ቀና ብላ አይታ መተኮሷን ቀጠለች። ካውያውን ከእጇ ያስለቀቀቻት ፋጡማ ናት። ስልኩን ስትሰጣት ለቅሶ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም።

“እማ” አለች።

“አቤት፣ የኔ ልጅ።”

“መቼ ነው?”

“ሰኞ።”

“ሰኞ” አለች። “ዛሬ ረቡዕ ነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ ቀበረ፣ ፎቶ ለጠፈ። እኔ ላይክ አደረግሁ። አባቴ ሞቶ ላይክ አደረግሁ፣ እማ። ከተማው ሁሉ አየኝ።”

“ማንም ክፉ አላሰበም። ሳታነቢ እንደሆነ …”

“የሳቁብኝን አየሁ” አለች። ከዚያ ድምፅዋ እንደ ሕፃንነቷ ቀጠነ። “አንቺ ደግሞ ሰንበቴ አልሽኝ።”

ኑሩ ማታውን ስልኩ ሲሠራ ሰምቶ ፎቶውን አጠፋው። ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ምን እለዋለሁ? ሰይድን የሚወድ ልጅ ነው። በግሩፑ ላይ ሕግ አወጡ፦ የሟች ቤተሰብ “መርዶው ተነግሯል” ሳይል ፎቶ አይለጠፍም፤ ለለቅሶም አውራ ጣት አይሆንም ተባለ። ሼህ አሊ የሚያለቅሰውን ፊት ማውጣት ተምረዋል። ጣታቸውን ረጅም ጊዜ ተጭነው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የትኛውን ምልክት መጫን እንዳለባችሁ ላስተምራችሁ አልተነሳሁም። በዚያ ቀን ክፉ ያደረጉብኝ ስም የለሹ ሰውና የሳቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ በቅንነት ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ነው። ግን እንደ ለቅሶ መድረስ ካያችሁት እንደ ለቅሶ ሥርዓት ያዙት። ሰው ቤት ደጃፍ ስንደርስ እንባችንን ከማውረዳችን በፊት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጠይቀው ነገር አለ፦ “ሰምተዋል?” እንላለን። ስልኩም ላይ ያን ጠይቁ። ፎቶው የሚስቅ ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ከሥሩ የተጻፈው ያልሰማችሁት የራሳችሁ መርዶ ሊሆን ይችላል።

ስለ መርዶውም አስባለሁ። ጎህ እስኪቀድ፣ ሰው እስኪሰበሰብ የምንጠብቀው ለሐዘንተኛው አዝነን ነው፤ ይህ ሥርዓት ብዙ ሰው አትርፏል። አሁን ግን ከእኛ ቀድሞ የሚሮጥ ነገር አለ። ዓርብን መጠበቅ ነበረብን ወይ? ኢብራሂም ነበረብን ይላል። እኔ በዝግታ እያሰብኩ፣ እየጻፍኩ ነው፤ ገና መልስ አላገኘሁም።

ዘሐራ እስካሁን ጂዳ ናት። ዓርብ ዓርብ ከፋጡማ ቤት ትደውላለች። ፌስቡክ ላይ ግን ስሟን ከምንም ነገር ሥር አላየሁትም። ስትደውል መጀመሪያ “ሁላችሁም ደህና ናችሁ?” ትላለች። “አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን” እላለሁ። ያን ጊዜ አንድ በአንድ ትጠራለች። ኢብራሂም፣ የኢብራሂም ልጆች፣ አክስቷ። “ድምፃቸውን አሰሚኝ” ትለኛለች። እየዞርኩ እጠራቸዋለሁ፤ ከጓዳ፣ ከግቢ፣ ከጎረቤት። እያንዳንዱ መጥቶ “አለሁ፣ ዘሐራዬ” ይላል።

ባለፈው ዓርብ ኢብራሂም አልነበረም።

“ደሴ ሄዷል” አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ለጉዳይ ሄዶ ማታ ይመለሳል።

“ዛሬ፣ ዓርብ?” አለች። ቀኑን እየቆጠረች እንደሆነ አወቅኩ።

“ወላሂ በዪ” አለች።

“ወላሂ።”

“እሺ” አለች፤ ስልኩንም ዘግታ ለራሱ ደወለችለት።